ከበር ኋላ የተቀመጠችው ሴት

ሐረር ጀጎል ውስጥ ካሉት የቀድሞ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ፥ ዐይኑ ከውጭው ፀሐይ ወደ ቤቱ ጥላ እስኪመለስ ድረስ ጥቂት ከቆመ በኋላ፥ በቀይ አፈር የተቀባውን ወለል፥ ግድግዳውን የሞላውን ስፌትና፥ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብለው የተሠሩትን አምስት መደቦች ያያል። ሐረሪዎች «ነደባ» የሚሏቸው እነዚህ መደቦች እንዲያው ለመቀመጫ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ማን ከማን በላይ፥ ማንስ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፥ አፍ አውጥተው ባይናገሩም ለሚያውቃቸው ይናገራሉ። «አሚር ነደባ» የሚባለው የባለቤቱ ስፍራ ነው፤ ከእርሱም ሌላ ትልቁና ትንሹ ነደባ አለ፤ የእኔን ሐሳብ ሲስብ የኖረው ግን «ገብቲ ኸር» የሚሉት፥ ከበሩ ኋላ ያለው ነደባ ነው። በዚያ የተቀመጠ ሰው ገቢውንና ወጪውን ሁሉ ያያል፥ በመካከል የሚነገረውንም ሁሉ ይሰማል፤ እንግዳው ግን ፊቱን ወደ አሚር ነደባ አቅንቶ ስለሚገባ እርሱን ልብ አይለውም።

በመድረክ ላይ በሚታዩት ታላላቅ አሳዛኝ ተውኔቶችም እንዲህ ያለ ከበር ኋላ የሚቀመጥ ሰው አይታጣም። የእንግሊዙ ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር የደረሰውን፥ የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ወደ አማርኛ መልሶ ለአገሩ ሰው ያስተዋወቀውን «ኦቴሎ»ን ያየ ሁሉ፥ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ጥቁሩ የጦር አለቃ ስለ ኦቴሎ፥ ያለ በደሏ ስለ ሞተችው ሚስቱ ስለ ዴዝዴሞና፥ ይልቁንም ሁለቱን ስላጠፋው ስለ ተንኰለኛው ስለ ኢያጎ ነው። የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ግን፥ ያ ሁሉ መከራ በእጇ ያለፈ ሴት ስትሆን፥ ብዙ ጊዜ ከወሬው ትቀራለች። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልናገርላት የተነሣሁት ለእርሷ ነው፤ ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ኤሚሊያ መሐረቡን ለምን ሰጠች? ከሰጠችስ በኋላ ስለ ምን ዝም አለች?

ተውኔቱን ላላየ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ኦቴሎ በቬኒስ መንግሥት ሥር የሚያገለግል ጀግና የጦር አለቃ ነው፤ የአንድ የቬኒስ መኰንን ልጅ የሆነችውን ዴዝዴሞናን በሥውር አግብቶ፥ ቱርኮች ይመጡባታል የተባለችውን የቆጵሮስን ደሴት ለመጠበቅ ይዘምታል። ካሲዮ ለሚባል ባልደረባው የተሰጠው ሹመት የቀረበት የበታቹ ኢያጎ በቂም ተነሥቶ፥ «ሚስትህ ከካሲዮ ጋራ ወዳጅነት አላት» የሚል መርዝ በጆሮው ያፈስበታል። ኦቴሎም የዐይን ማስረጃ ሲጠይቅ፥ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ራሱ ለሚስቱ በመጀመሪያ የሰጣት አንድ በጥልፍ ያጌጠ መሐረብ ነው። ዴዝዴሞና የታመመውን የባሏን ራስ በመሐረቡ ልታስር ስትሞክር እርሱ ገፋ ያደርገዋል፥ መሐረቡም ይወድቃል፤ ሁለቱም ሳያዩት ወጥተው ሲሄዱ ኤሚሊያ ታነሣዋለች። ባሏ ስረቂልኝ እያለ መቶ ጊዜ እንደ ለመናት ትናገራለች፤ ጥልፉን አስገልብጣ ለእርሱ ልትሰጥ ታስባለች፤ ምን ሊያደርግበት እንደ ሆነ ግን እግዚአብሔር እንጂ እርሷ እንደማታውቅ ለራሷ ትመሰክራለች። ነገር ግን ለማስገልበጥ ጊዜ አላገኘችም፤ ኢያጎ ወዲያው ይደርስና ልታቀብለው ስትል መሐረቡን ከእጇ ይነጥቃታል። ለምን እንደ ፈለገው ብትጠይቀው መልስ አይሰጣትም፤ ለቁም ነገር ካልሆነ መልስልኝ፥ እመቤቴ ብታጣው ታብዳለች ብትለው አይሰማትም።

በ1693 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ቶማስ ራይመር የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ሐያሲ፥ ስለ አንዲት መሐረብ ይህን ያህል እሪታ ምንድር ነው ሲል በተውኔቱ ላይ ተሳልቆበታል። ይህ ሰው የሐረርን ቤት ቢያይ ኖሮ እንዲህ ባልተናገረ እላለሁ። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፌት እያንዳንዱ ስፍራ ያለው ነው፤ ማን እንደ ሰፋችው፥ በማን ሠርግ እንደ መጣ የቤቱ ሴቶች ያውቁታል፤ ከመካከሉ አንዲቱ ብትነሣ ባዶዋ ስፍራ ራሷ ትናገራለች። የኦቴሎም መሐረብ እንደዚሁ ነው። እንደ እርሱ አነጋገር፥ ለእናቱ የሰጠቻት የሰውን ልብ የምታነብ አንዲት ግብጻዊት ናት፤ መሐረቡ በእናቱ እጅ እስካለ ድረስ አባቱ ይወዳታል፥ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ፍቅሩም ይጠፋል ተብሎ የተነገረበት፥ ሐሩም ከተቀደሰ ትል የተገኘ ነው። በተውኔቱ መጨረሻ ግን ይኸው ኦቴሎ መሐረቡን ለእናቱ የሰጣት አባቱ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ደራሲው አልፈታልንም፥ እኔም ወደዚያ አልገባም።

የአገራችን ሊቃውንት አንድ ንባብ ሲያስቸግራቸው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ይደረድራሉ፤ የመጀመሪያው ትርጓሜ ለሁለተኛው በር ይከፍታል እንጂ አይዘጋበትም። ሐረርም ምንም እንኳ በመስጊዶቿ ብዛትና በእስልምና ሊቃውንቷ የታወቀች ብትሆን፥ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም፤ ተውኔት ጸሐፊው መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ ጋራ በዚህች ከተማ በልጅነቱ ኖሮ የቤተ ክህነትን ትምህርት ቀምሶባታል። (ባልታወቀ ምክንያት ሐረር ያሳደገቻቸው ተውኔት ጸሐፊዎች የሚያሥቀውን መረጡ። በሐረሩ ገዥ በራስ መኰንን ቤት ያደጉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በአውሬዎች ቀልድ አደረጉት፤ መንግሥቱም በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» አሣቀን። ማልቀሱን ለአምቦው ልጅ ለጸጋዬ የተዉለት ይመስላል።) እንግዲህ የኤሚሊያን ዝምታ በዚያው በአንድምታ ሥርዐት ብንመረምረው ምን ይገኛል?

አንድም ከፍርሃት የተነሣ ነው ይላሉ። ባሏ ክፉ ነው፤ ሚስቱን በሰው ፊት ሲያዋርድ በቆጵሮስ ወደብ አይተነዋል፤ ካሲዮ እንደ አገሩ ልማድ ስሞ ሲቀበላት ኢያጎ በምላሷ ላይ ተሳልቆባታል፥ እርሷም ከአንድ ከሁለት ቃል በላይ አልመለሰችም። ይህ ትርጓሜ መልካም ይመስላል፤ ሆኖም ኋላ የሚመጣው ነገር ያፈርሰዋል። በአራተኛው ገቢር ኦቴሎ ዴዝዴሞናን በጋለሞታ ስም በሰደበ ጊዜ፥ ኤሚሊያ በባሏ ፊት ቆማ፥ ይህን ሐሜት የፈጠረ አንድ ሹመት ፈላጊ ወራዳ መሆን አለበት ስትል ትራገማለች፤ በመጨረሻውም ገቢር ሰይፍ የታጠቀውን ኦቴሎን ሳትፈራ ትሰድበዋለች። ጭምት ሴት አይደለችም። አንድም የዋህ ስለ ነበረች፥ ነገሩ ስላልገባት ነው ይላሉ፤ ይህማ ጭራሽ አይሆንም። የወንዶችን ጠባይ በዚያ ተውኔት ውስጥ እንደ እርሷ አጥርቶ የተናገረ የለም፤ ወንዶች ሆድ እኛ ምግብ ነን፥ ተርበው ይበሉናል፥ ሲጠግቡ ይተፉናል እንደ ማለት ያለች እርሷ ናት፤ ኦቴሎም መሐረቡን በጠየቀ ጊዜ ቅናት እንደ ያዘው ፈጥና ያወቀች እርሷ ናት።

እኔ ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ፤ ለዚህም ሁለት ነገሮች ልብ እንዲባሉልኝ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፥ ኤሚሊያ የዴዝዴሞና የልጅነት ሞግዚት ወይም የቤት ልጅ አለመሆኗ ነው። ኦቴሎ ለዘመቻ ሲነሣ ሚስቱን ለኢያጎ አደራ ሰጥቶ፥ ሚስትህ ታገልግላት ያለው በቬኒስ ሸንጎ ፊት፥ በዚያች ሌሊት ነው፤ እንግዲህ ለእመቤቷ ያላት ታማኝነት ከመርከቡ ጉዞ አይረዝምም፥ ለባሏ ያላት ግን የትዳር ዘመኗ ሁሉ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ኢያጎ ኦቴሎ ከኤሚሊያ ጋራ ተኝቷል ብሎ ይጠረጥራል፤ ይህንንም ለብቻው ሲሆን ለተመልካቹ ይነግረዋል። ብዙ ሰው ይህን ይሰማል፤ ኤሚሊያም ጥርጣሬውን እንደምታውቅ ግን ጥቂት ሰው ያስተውላል። ያን ሐሜተኛ ስትራገም፥ አንተንም እኔን ከጦር አለቃው ጋራ እንድትጠረጥረኝ ያደረገህ እንደዚሁ ያለ ሰው ነው ብላ ለባሏ በግልጽ ትናገራለችና። ኢያጎም ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ይላታል።

ይህን ይዘን ወደ መሐረቡ ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከኦቴሎ ጋራ የተጠረጠረች ሚስት፥ የኦቴሎን የፍቅር ምልክት ከመሬት አንሥታ ለባሏ ታቀብላለች። ከዚህ የበለጠ «እኔ ያንተ ነኝ» የሚል ምን ነገር አለ? የክስ መልስ ነው፤ የእርቅ እጅ መንሻ ነው፤ ደግ ቃል ከሰማች ብዙ ዘመን የሆናት ሴት ስለ አንድ ደግ ቃል የከፈለችው ዋጋ ነው። ለዚያውም አላገኘችውም፤ መሐረቡ ከእጇ ሲነጠቅ የተሰማት ቃል ሂጂልኝ የሚል ነበር።

ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ቺንዚዮ የሚባል ኢጣልያዊ በ1565 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ካሳተመው የተረት መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ መሐረቡን የሚሰርቀው የኢያጎን ስፍራ የያዘው ሰው ራሱ ነው፤ ዴዝዴሞና የሦስት ዓመት ልጁን አቅፋ ስትስማት እርሱ ከወገቧ በቀስታ ይመዝዘዋል። ሚስቲቱ የባሏን ተንኰል ሁሉ ታውቃለች፥ እንዳትናገር ግን ትፈራዋለች፤ በመጨረሻም በሕይወት ተርፋ ታሪኩን ለሌላው የምትተርክ እርሷ ናት። እንግዲህ በኢጣልያው ተረት ሚስቲቱ ዐውቃ አላደረገችም፤ በእንግሊዙ ተውኔት ደግሞ አድርጋ አላወቀችም። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ፥ በነቢብና በገቢር ነው ስትል ታስተምራለች፤ ቺንዚዮ ሴቲቱን በሐልዮ ዐሰራት፥ ሼክስፒር ግን ሐልዮውን ከራሷ አውጥቶ ገቢሩን በእጇ አኖረው። (የተውኔት ሰዎች የተውኔትን ክፍል «ገቢር» ማለታቸው እዚህ ላይ እንደ ቅኔ ሆኖ ይታየኛል።) ይህ የደራሲው ለውጥ ትንሽ አይደለም፤ ፈሪ ምስክር የነበረችውን ሴት ሳታውቅ ተባባሪ አደረጋት፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ታውቃለች ወይስ አታውቅም መሆኑ ቀርቶ፥ ለማወቅ ትወዳለች ወይስ አትወድም ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ትዕይንት ይህ ነው። ዴዝዴሞና መሐረቤን የት ጥዬው ይሆን ብላ ኤሚሊያን ትጠይቃታለች፤ ኤሚሊያም አላውቅም ትላለች። ወዲያው ኦቴሎ ገብቶ መሐረቡን አምጪ ይላል፤ ያን የግብጻዊቱን ታሪክ፥ የመሐረቡን ምትሐትና መጥፋቱ የሚያመጣውን ጥፋት ሁሉ ሲተርክ ኤሚሊያ እዚያው ቆማ ትሰማለች። በእጇ ያለፈው ነገር ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዐወቀች። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ከመጀመሪያው ዝምታ ጋራ አንድ አይደለም። ቅድም ብትናገር ኖሮ ከመሬት ያነሣችው አንድ ጨርቅ ነበር፤ አሁን ብትናገር ግን የባልና የሚስት ትዳር ያፈረሰች ሌባ ልትባል ነው። ትንሽ ውሸት በማግሥቱ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ በየቀኑ ወለድ እየጨመረ ሲሄድ ባለዕዳው የአበዳሪውን በር ማየት ይጠላል። የኤሚሊያ ዝምታ ከፍርሃት ይልቅ ወደ ኀፍረት የሚያደላ መስሎ የሚታየኝ ስለዚህ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ጀጎል ውስጥ በወዳጄ ቤት ሆጃ እየጠጣን ይህን ታሪክ ለቤቱ ሰዎች ስተርክ፥ የወዳጄ አያት ከነደባቸው ላይ ሳይንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጄ፥ ያቺ ሴት አፎቻ አልነበራትም ወይ?»

«የለም እናቴ፤ የሰው አገር ናት፤ ከጭፍራው ጋራ ነው የመጣች።»

«እንዲያ ከሆነማ ለማን ትናገር?» አሉኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ሐረርን ለማያውቅ አንባቢ፥ አፎቻ ማለት በሐዘንና በደስታ ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ የወንዶች አለ፥ የሴቶችም ለብቻው አለ። ሴቶቹ በለቅሶና በሠርግ ሲሰበሰቡ ከሥራቸው ጋራ የልባቸውን ይጫወታሉ፤ በአንዲት ቤት የተሰወረ ነገር በዚያ መካከል ቀስ ብሎ ይፈታል። አሚር ኑር ሐረርን በግንብ ባጠሩበት በዚያው በ16ኛው መቶ ዓመት፥ ቬኒሶች ቆጵሮስን በቱርክ ፍርሃት አጥረው ይጠብቁ ነበር፤ ነገር ግን በሐረር ግንብ ውስጥ የነበረው ማኅበር በቆጵሮስ ምሽግ ውስጥ አልነበረም። ያ የጦር ሰፈር ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ ያሉት ሴቶችም ሦስት ብቻ ናቸው፤ እመቤቲቱ፥ አገልጋዪቱና ካሲዮ የሚቀልድባት ቢያንካ። ሦስቱ አብረው ተቀምጠው አንዲት ጊዜ ቡና ቢጠጡ ኖሮ፥ መሐረቡ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ሳይመሽ በታወቀ ነበር። የመጻሕፍት ሐያስያን ያላዩትን እኒያ እናት በአንድ ጥያቄ አዩት፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ተውኔቱን ያለዚያች ጥያቄ አንብቤው አላውቅም።

ኤሚሊያን ከበር ኋላ ያስቀራት ግን ተመልካቹ ብቻ አይደለም። ተውኔቱ በ1622 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ለብቻው ሲታተም፥ ሚስት ብትስት ጥፋቱ የባል ነው፥ ሚስቶችም እንደ ባሎቻቸው የሚያዩ፥ የሚያሸቱ፥ ጣፋጩን ከመራራው የሚለዩ ናቸው እያለች የምትናገረው ረጅም ንግግር በውስጡ አልነበረም፤ የተገኘው በ1623 በታተመው ትልቁ መጽሐፍ ነው። በንጉሠ ነገሥት ምኒልክ (ያን ጊዜ ንጉሥ ነበሩ) ሠራዊትና በአሚር አብዱላሂ ወታደሮች መካከል በጨለንቆ ጦርነት ሆኖ፥ የሐረር ነጻ መንግሥት በተፈጸመበት በ1879 ዓ.ም.፥ በዚያው ዓመት በሚላኖ ከተማ የቬርዲ የሙዚቃ ተውኔት «ኦቴሎ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚህ የሙዚቃ ተውኔት ኤሚሊያ መሐረቡን በፈቃዷ አትሰጥም፤ ኢያጎ በግድ ይቀማታል። በደሏን ሲያነሡላት ግን ሞቷንም ዐብረው አነሡባት፤ በቬርዲ ዘንድ ኤሚሊያ አትሞትም። እንዲህ ነጽታ የቀረበችው ሴት ለእኔ ከጎደለችው ታንሳለች።

ወደ ፍጻሜው ልምጣ። ዴዝዴሞና በአልጋዋ ላይ ታንቃ ከሞተች በኋላ፥ ኦቴሎ ይህን ሁሉ የነገረኝ ባልሽ ነው ሲላት፥ ኤሚሊያ «ባሌ?» ብላ ትጠይቃለች፤ እርሱ ይመልሳል፤ እርሷ ደግማ፥ ሠልሳ ያችኑ ቃል ትላለች፤ ኦቴሎም በመደጋገሟ ይቈጣል። አንዳንድ ሰው ይህን የድንጋጤ መንተባተብ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ሴቲቱ በየጊዜው አንዲት አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰች፥ ከመሐረቡ ወደ ልመናው፥ ከልመናው ወደ ጥርጣሬው ስትደርስ ይታየኛል። ጥቂት ቈይታም ነገሩ እንደ ሸተታት፥ ያን ጊዜም እንዲሁ አስባ እንደ ነበረ ትናገራለች። መቼ ነው «ያን ጊዜ»? መሐረቡ ሲነጠቅ ነው? ግብጻዊቱ ስትነሣ ነው? ሐሜተኛውን በባሏ ፊት ስትራገም ነው? ደራሲው አልነገረንም፤ ኤሚሊያን የምትጫወት ተዋናይት ግን መድረክ ላይ ሳትወጣ በልቧ ልትወስነው የሚገባት ነው፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው የመረጠችው ሰዓት ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታዋን ሁሉ ይለውጠዋልና። የመጀመሪያውን ብትመርጥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እያወቀች የምትሸሽ ሴት ትሆናለች፤ የመጨረሻውን ብትመርጥ እርግማኗ ራሱ ኑዛዜ ይሆናል፤ ሐሜተኛውን ስትረግም የምታየው ባሏን ነበርና።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ኢያጎ ወደ ቤትሽ ሂጂ ይላታል፤ እርሷም ባልን መታዘዝ ተገቢ እንደ ሆነ፥ አሁን ግን እንደማትታዘዝ፥ ምናልባትም ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚያ ቤት እንደማትመለስ በመኳንንቱ ፊት ትናገራለች። መሐረቡን እኔ አገኘሁት፥ ለባሌም የሰጠሁት እኔ ነኝ ብላ ያን ሁሉ ዕዳ በአንድ ጊዜ ትከፍላለች፤ ኢያጎም ወግቷት ያመልጣል። በምትሞትበት ሰዓት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእመቤቴ አጠገብ አስተኙኝ አለች። በክፍሉ ውስጥ መኳንንት አሉ፥ ወታደሮች አሉ፥ ኦቴሎም ገና በሕይወት አለ፤ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ልመናዋን ሰምቶ ማን እንዳነሣት በመጽሐፉ አልተጻፈም።